የኢያቄም ሸለቆ ልጆች፦ ታል፣ ዳል፣ ታለር፣ ዶላር

ባለፈው ወር እዚሁ የጥያቄና መልስ ዓምድ ላይ ስለ ገንዘብ ስሞች ስጽፍ «ዶላር እኮ መነሻው ሸለቆ ነው» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር። እንዲህ ብሎ ማለፍ እንደማይቻል ደብዳቤዎቻችሁ ነገሩኝ። ከሜሪላንድ፣ ከጎተንበርግ፣ ከነታንያ፣ ከሊድስ፣ ከአዲስ አበባ ጻፋችሁ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለዚችው ቃል ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እናቴ ስታርፍ አንድ ጠገራ ብር ትታልኝ ነበር። ማንጠልጠያ አሠርቼለት አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ። ሥራ ቦታ አንዲት ኦስትሪያዊት ባልደረባዬ አየችውና ‹ይኼማ ታለር ነው፤ ዶላርም ከዚህ ነው የመጣው› አለችኝ። እውነት ነው? ታለር ማለትስ ምን ማለት ነው?»
ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

በመጀመሪያ እናትዎን ነፍስ ይማርልን። ጥሩ ነገር ነው የተዉልዎት።

ባልደረባዎ ልክ ናት። አንዲት ነገር ብቻ ላስተካክል። ዶላር ከእርስዎ ጠገራ አልወጣም፤ ሁለቱ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አያትየው የተወለደው ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ከጀርመን ድንበር አጠገብ፣ አንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው።

በቦሄሚያ፣ ማለትም በዛሬው ቼክ በኩል፣ እና በጀርመኗ ሳክሶኒ መካከል የማዕድን ተራሮች የሚባሉ ሰንሰለታማ ተራሮች አሉ። በ1400ዎቹ መጨረሻና በ1500ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ብዙ ብር ተገኘ። ቆፋሪው ከየአገሩ ጎረፈ፤ ሰው ያልነበረበት ጫካ ከተማ ሆነ። አሁን የከተሞቹን ስም ልብ ብለው ይስሙ። በሳክሶኒ በኩል አናበርግ አለ፤ የሐና ተራራ ማለት ነው። ማሪየንበርግ አለ፤ የማርያም ተራራ። በቦሄሚያ በኩል ደግሞ በ1516 የተቆረቆረው ቅዱስ ዮአኪምስታል አለ። ዮአኪም እኛ ኢያቄም የምንለው ነው፤ የሐና ባል፣ የእመቤታችን አባት። «ታል» በጀርመንኛ ሸለቆ ነው። የኢያቄም ሸለቆ! በግንቦት ልደታ ንፍሮ እየበላ ያደገ ሰው፣ ዓለም ሁሉ የሚሻማበት ገንዘብ ስሙን ያገኘው ከኢያቄምና ከሐና ሰፈር መሆኑን ሲሰማ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ቤት ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነው የነገርኩት።

ሸለቆው ሽሊክ በሚባሉ ባላባቶች እጅ ነበር። ከ1520 ገደማ ጀምሮ ብሩን እዚያው እያቀለጡ ትልልቅ ሳንቲም ይቀርጹበት ጀመር። አንዱ ወደ 29 ግራም ይመዝናል። በአንዱ ገጽ ቅዱስ ኢያቄም በትር ይዞ ቆሟል፤ በሌላው የቦሄሚያ አንበሳ አለ። ትልቅ የብር ሳንቲም ሲወጣ ይኼ የመጀመሪያው አይደለም፤ ቲሮል ውስጥ ከዚያ በፊት፣ በ1486፣ ተቀርጿል። የኢያቄም ሸለቆው ግን ማዕድኑ ሀብታም ስለነበር እንደ ጉድ ነው የወጣው። በየገበያው የሚታየው እሱ ሆነ፤ ስሙም ያንኑ ያህል ተሰማ።

ስሙስ? «ዮአኪምስታለር» ነበር። ይቺን መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኧር» እዩልኝ። በጀርመንኛ ከቦታ ስም ላይ ስትቀጠል «የዚያ አገር ሰው፣ የዚያ አገር ዕቃ» ማለት ነው። ልክ እኛ ጎንደር ብለን ጎንደሬ፣ ጎጃም ብለን ጎጃሜ እንደምንለው። ሐምበርገር የሐምቡርጉ ነው፣ ፍራንክፈርተር የፍራንክፈርቱ ነው። ዮአኪምስታለር የኢያቄም ሸለቆው። ታዲያ ገበያ ላይ ቆሞ ይኼን ሁሉ ቃል ማን ይጠራል? ኮንዶሚኒየምን ኮንዶ ብለን እንዳሳጠርነው እነሱም ፊቱን ቆርጠው ጣሉትና ታለር አሉት። ኢያቄም ወጣ፣ ሸለቆ ቀረ። በእኛ ወግ እንበለው ከተባለ ታለር ማለት «ሸለቆዬ» እንደማለት ነው፤ የሸለቆው ልጅ።

ከዚያ በኋላ በዚያ መጠን የተቀረጸ ትልቅ የብር ሳንቲም ሁሉ፣ የትም ይቀረጽ የት፣ ታለር ተባለ። የእርስዎ ጠገራ ከእነዚህ አንዱ ነው። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ታለር መቀረጽ የጀመረው በ1741 ነው።

እስቲ አሁን ያንን ብር ያውልቁና መስኮት አጠገብ ይዘውት ይቀመጡ። የሴትየዋ ራስ ላይ ወደ ኋላ የወረደ ሻሽ የመሰለ ነገር አለ፤ ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ የለበሰችው የሐዘን መሸፈኛ ነው። ትከሻዋ ላይ በትናንሽ ዕንቁዎች የተከበበ ጌጥ አለ። የድሮ ነጋዴዎች የዘውዷንና የዚህን ጌጥ ዕንቁ አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ ብሩን አይቀበሉም ነበር፤ ያልተሟላ ከሆነ «ይኼ የተበላ ነው» ብለው ይመልሱታል። ገልብጡት። ባለ ሁለት ራስ ንስር ያያሉ፤ ከዳር 1780 የሚል አለ። ያ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ፣ ትናንት የተቀረጸም ቢሆን፣ 1780 ነው የሚለው፤ ስለዚህ የእርስዎ ብር በትክክል መቼ እንደተቀረጸ ከዓመቱ አይታወቅም። አሁን ጠርዙን በጥፍርዎ ይዳብሱት። ሻካራ ሆኖ ያገኙታል፤ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ» ተብሎ ተቀርጾበታል፤ ፍትሕና ምሕረት። ንግሥቲቱ የምትመራበት ቃል ነው፤ ጥቅሙ ግን ሌላም ነበር። ጠርዙ ላይ ጽሑፍ ያለበትን ብር ማንም ዳር ዳሩን ሸርፎ ሊሰርቀው አይችልም፤ ወዲያው ይታያል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ነው። ሁሌም ያው ነው። አገራችን ላይ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ያን ሁሉ ዘመን የኖረው በዚህ ነው። እንግሊዞችም በ1867 እና 1868 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የራሳቸውን ገንዘብ ማንም እንደማይቀበላቸው አውቀው ይኼንኑ ታለር ከቪየና አስቀርጸው ነው የመጡት።

«ጀርመን ሦስት ዓመት ኖሬ ነው ስዊድን የገባሁት። እዚያ ሸለቆ ታል ነው፣ እዚህ ዳል ሆኖ አገኘሁት። ይባስ ብሎ ስዊድኖች ታል ሲሉ ቁጥር ወይም ንግግር ማለታቸው ነው። ግራ ገባኝ። ማን ነው ከማን የወሰደው?»
ከጎተንበርግ፣ ስዊድን

ወንድሜ፣ ማንም ከማንም አልወሰደም። ወንድማማቾች ናቸው።

የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ጀርመንኛ፣ ስዊድንኛ፣ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ እናት ቋንቋ ነበረች። ሸለቆን በ«ደ» ጀምራ «ዳል» በሚመስል ቃል ትጠራው ነበር። ልጆቿ ይዘውት ወጡ። ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ ዳል ይላሉ። ደች፣ የሆላንዶች ቋንቋ፣ ዳል ይላል። አይስላንድ ዳሉር ትላለች። እንግሊዝ ዴል። ጀርመንኛ ብቻ ነው ታል ብሎ ለብቻው የወጣው፤ የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ይዲሽም ከእሱው ስለተወለደ ቶል ይላል።

ይኼ ዝም ብሎ የአንድ ቃል ጉዳይ አይደለም። ቀንን እንግሊዝ ዴይ፣ ስዊድን ዳግ ሲሉ ጀርመን ታግ ይላል። መጠጣት ድሪንክ፣ ድሪካ፤ ጀርመን ትሪንከን። ሴት ልጅ ዶተር በስዊድንኛ፣ ዶኽተር በደች፤ ጀርመን ቶኽተር። ሌላው «ደ» ባለበት ብዙ ቦታ ጀርመን «ተ» አለ። በራስህ ቤት ታውቀዋለህ እኮ። ትግርኛ ጽፍሪ ሲል አማርኛ ጥፍር ይላል፤ ጸጉሪ ሲል ጠጉር፤ ዓጽሚ ሲል አጥንት። «ጸ» ባለበት «ጠ»። ጥፍርን ከትግርኛ ተዋስን የሚል ሰው የለም፤ ከአንድ ግንድ ወርዶ አንደኛው ዘንድ ድምፁ ተለወጠ እንጂ።

የጀርመንኛው ለውጥ የተጀመረው በደቡብ፣ በአልፕስ ተራሮች በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ወጣ። ጥሩ ቃል አለን ለዚህ። የደቡቡ ደገኛ ነው፣ የሰሜኑ ቆለኛ። ራሳቸውም እንዲሁ ነው የሚሉት። «ከፍተኛው ጀርመንኛ» ሲባል ብዙ ሰው የተማረ ሰው ቋንቋ ይመስለዋል፤ የስሙ መነሻ ግን የመሬቱ ከፍታ ነው፣ የደጋ ጀርመንኛ። በባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ የሚኖሩት ቆለኞች በለውጡ አልተነኩም፤ እንደ ደችና እንደ እንግሊዝ ዳል ሲሉ ቀሩ።

አሁን ግራ ወዳጋባህ ነገር እንምጣ። ያንተ የስዊድን ታል፣ ቁጥሩ፣ ሌላ ቃል ነው። ደገኞቹ «ደ»ን ወደ «ተ» ከመለወጣቸው በፊት «ተ»ን ራሷን ወደ «ጸ» ለውጠዋት ነበር። ለዚህ ነው እንግሊዝ ቴን፣ ስዊድን ቲዮ ሲሉ ጀርመን ጼን የሚለው፤ ቱዝ የሚለውን ጥርስ ጻን የሚለው። ስለዚህ የስዊድን ታል ጀርመን ውስጥ ጻል ሆኖ ይገኛል፣ ቁጥር። መክፈልም ጻለን ነው። ደች ዘንድ ደግሞ ታል ሲባል ቋንቋ ነው፣ ኸታል ቁጥር። እንግሊዝ ውስጥ ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሰው ቴለር የሚባለው ስለሚቆጥር ነው። መቁጠርና መተረክ በእነዚህ ቋንቋዎች አንድ ቤት ናቸው። እንዲህ ብለህ ያዘው፦ ደገኛው ጀርመንኛ ውስጥ «ተ» ወደ «ጸ» ስትሄድ ወንበሯ ባዶ ሆነ፣ «ደ» መጥታ ተቀመጠችበት። ያንተ ሁለት ታሎች አንድ ወንበር ላይ በተለያየ ጊዜ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ዶላር ጋ የምንደርሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍል ይኼ ነው። የኢያቄም ሸለቆው ታለር ከተራራ ወርዶ ወደ ሰሜን ሲሄድ ቆለኞቹ እጅ ገባ። እነሱ ደግሞ ደገኛው ታል የሚለው እነሱ ዳል የሚሉት መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ሳንቲሙን ተቀብለው ስሙን ወደ ቤታቸው ድምፅ መለሱት፦ ዳለር። ከዚያ ደች ዳልደር አለው። ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድንም ዳለር አሉ፤ አንተ ያለህበት አገር ክሮና ከመምጣቱ በፊት እስከ 1873 ድረስ ሪክስዳለር ነበር ገንዘቡ። እንግሊዞች ደግሞ በ1500ዎቹ አጋማሽ ከእነዚሁ ከቆለኞቹና ከደቾች ሰምተው ዳለር አሉ፣ አፋቸው ውስጥ ተሽከረከረና ዶላር ሆነ። ቃሉን ሰተት ብሎ ከተራራው ቢወስዱት ኖሮ ዛሬ አሜሪካኖች በ«ተ» የሚጀምር ነገር ይሉ ነበር። የዶላር «ደ» የመንገድ ምልክት ናት፤ በየት በኩል እንዳለፈ ትናገራለች።

ሌላውም መንገድ ምልክቱን ትቷል። በኦስትሪያ በኩል የሰሙት «ተ»ዋን ይዘው ቀሩ። ጣሊያን ታሌሮ አለ። ፖላንድ ታላር። ስሎቬኒያ በ1991 ነጻ ስትወጣ ገንዘቧን ቶላር ብላ እስከ 2006 መጨረሻ ተጠቀመችበት፤ ከዚያ ዩሮ ገባ። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ያስቀረጹት የራሳቸው ብርም በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ታላሪ ነበር የሚባለው። ክብደቱን በጠገራው ልክ ነበር ያደረጉት።

ደቾች ሌላም ነገር አድርገዋል። አንበሳ የቀረጹበት የአንበሳ ዳልደር የሚሉት ብር ነበራቸው። አሜሪካ ውስጥ እንግሊዞች ከመግባታቸው በፊት ኒውዮርክ የደች ቅኝ ግዛት ሳለች እዚያ ይሠራበት ነበር። ወደ ምሥራቅም ሄዷል። የሮማኒያ ገንዘብ ሌው እና የቡልጋሪያ ገንዘብ የነበረው ሌቭ ስማቸውን ያገኙት ከዚያ አንበሳ ነው። ግብፆች ደግሞ አንበሳው አላሳመናቸውም መሰለኝ፣ አቡ ከልብ ብለው ጠሩት፤ ባለ ውሻው። አሜሪካኖቹ ዘንድ ዶላር የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ በዋነኛነት ለስፔን ትልቅ የብር ሳንቲም ዋለ፤ አገር ሲሆኑ በ1785 የገንዘባቸው መለኪያ ዶላር እንዲሆን ወሰኑ፣ በ1792 ደግሞ የመቅረጫውን ሕግ አወጡ።

ስዊድን ስላለህ አንድ ጨምሬልህ ልለፍ። የአገሪቱ መሐል ላይ ያለችው ዳላርና፣ ቀይ የእንጨት ፈረሷ በየስጦታ ሱቁ የሚሸጠው፣ ስሟ «ሸለቆዎቹ» ማለት ነው። ካንተ ከተማ አጠገብ ያለችው ሞልንዳል ደግሞ የወፍጮ ሸለቆ ናት። አይስላንድ ብትሄድ ግን ይበልጥ ትገረማለህ። እዚያ ሸለቆም ዳሉር፣ ዶላርም ዳሉር ነው። የአሜሪካን ዶላር ባንዳሪክያዳሉር ይሉታል። ቃል በቃል ብትፈታው «የዩናይትድ ስቴትስ ሸለቆ» ይሆናል። ከዓለም ዙሪያ ተንከራትቶ ራሱ እናቱ ቤት ገብቷል።

«በሥራ ቦታዬ ሮዘንታል፣ ብሉመንታል፣ ሊሊየንታል የሚባሉ ሰዎች አሉ። እነዚህም ሸለቆ ናቸው? ለምንድነው በላቲን ፊደል ሲጻፉ ‹ቲ› ላይ ‹ኤች› የሚጨመርባቸው?»
ከነታንያ፣ እስራኤል

ናቸው እህቴ። የጽጌረዳ ሸለቆ፣ የአበባ ሸለቆ፣ የሊሊ ሸለቆ፤ ሊሊ በእኛ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የሱፍ አበባ» ያልነው ነጭ አበባ ነው። «ኤች»ዋ አትነበብም። የድሮ የጀርመን አጻጻፍ ናት። በ1901 የጀርመንኛ አጻጻፍ ሲስተካከል ከመደበኛው ቃል ላይ ተነሣች፤ የሰው ስም ላይ ያለችው ግን እንዳለች ቀረች፤ የቤተሰብ ስም በጉባኤ አይለወጥማ።

ስሞቹ ከየት መጡ ላልሽው፣ አንዱ ትልቅ ምንጭ በ1787 የወጣ ሕግ ነው። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በግዛቱ ያሉ አይሁዶች ቋሚ የጀርመንኛ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዘ። ያለ ሸለቆም ሸለቆ ያለበት ስም የያዘ ብዙ ነው። ይኼ ዮሴፍ የጠገራችን ባለቤት የማሪያ ቴሬዛ ልጅ ነው። እናቱ ራሷ በ1744 መጨረሻ ላይ የፕራግ አይሁዶች ከከተማዋ እንዲወጡ ያዘዘች ናት፤ በክረምት ነው ከቤታቸው የወጡት። ጠገራው ጠርዝ ላይ ያለው «ምሕረት» የሚለው ቃል ለእነሱ አልደረሳቸውም።

«ኒያንደርታል የሚባለው የድሮ ሰው ስሙ ውስጥ ያለው ታል ይኸው ነው?»
ከአዲስ አበባ

ይኸው ነው። ዱሰልዶርፍ አጠገብ ያለ ሸለቆ ነው፤ በ1856 ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች አጥንቱን ያገኙት እዚያ ነው። ሸለቆው የተሰየመው በ1600ዎቹ እዚያ አካባቢ በነበረው በመዝሙር ደራሲው በዮአኪም ኒያንደር ነው። አዎ፣ እሱም ዮአኪም ነው፣ ኢያቄም! ቤተሰቡ ድሮ ኖይማን ይባል ነበር፤ ወደ ግሪክ አዙረውት ነው ኒያንደር ያሉት፤ ሁለቱም «አዲስ ሰው» ማለት ናቸው። የአዲስ ሰው ሸለቆ ውስጥ የጥንቱ ሰው ተገኘ። ሳይንሳዊ ስሙ በ1864 ስለወጣለት ያቺን የድሮ «ኤች» ዛሬም ይዟል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ታዲያ ይኼን እያየ «ታል» መባል ያለበትን በምላሱ ጫፍ «ሣል» ይላል።

«እኔ ካለሁበት አጠገብ ዮርክሸር ዴልስ የሚባል ገጠር አለ። ታዲያ እንግሊዞች ለምን ቫሊ ይላሉ?»
ከሊድስ፣ እንግሊዝ

ቫሊ ከፈረንሳይኛ የገባ ነው፣ መነሻው ላቲን። ኖርማኖች ከ1066 በኋላ አገሪቱን ሲይዙ ይዘውት መጡ፤ መደበኛውን ቦታ ያዘ። ዴል ግን የአገሬው ነው፤ በሰሜን በኩል የበረታው ከስካንዲኔቪያ መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ዳል የሚለውን ደግፈው ስላቆሙት ነው። ገበሬውን ብትጠይቁት ያለበትን ዴል ነው የሚላችሁ።

«አባቴ ሣጥን ውስጥ የጃንሆይ ዘመን ብር አገኘሁ። በአማርኛ ብር ይላል፣ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ይላል። ስህተት ነው?»
ከአዲስ አበባ

ስህተት አይደለም። በ1945 አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ በአማርኛ ብር፣ በእንግሊዝኛ ዶላር ነበር ስሙ። በሁሉም ቋንቋ ብር የሆነው በ1976 ነው። ብር እንግዲህ የማዕድኑ ስም ነው፤ ግዕዙ ብሩር ይለዋል። እነሱ ሳንቲሙን በወጣበት ሸለቆ ጠሩት፣ እኛ በተሠራበት ነገር ጠራነው። ጠገራው ራሱ ከገበያ ሲወጣ ብር ሠሪዎች ጋ ገባ። ቀልጦ መስቀል ሆነ፣ ድሪ ሆነ፣ አልቦ ሆነ። አያቶቻችን አንገት ላይ ያለው አብዛኛው ብር አንድ ወቅት የሴትየዋን ፊት የያዘ ነበር።

«ሸለቆው ዛሬም አለ? ሄዶ ማየት ይቻላል?»
ከሜሪላንድ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ በድጋሚ

አለ። ብሩ እየተመናመነ ሲሄድ ቆፋሪዎቹ የማይወዱት ጥቁር ከባድ ድንጋይ ቀረ። ማሪ ኩሪና ባሏ ፒየር በ1898 ራዲየምን ያገኙት ከዚህ ሸለቆ በመጣ የዚያ ድንጋይ ትራፊ ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ለሶቪየት ዩራኒየም ይወጣበት ነበር፤ የፖለቲካ እስረኞች ናቸው የቆፈሩት፤ ብዙ ሰው ጤናውን እዚያ ጥሏል። በ2019 ዩኔስኮ አካባቢውን ከሁለቱም አገር በኩል በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሳንቲም ይቀረጽበት የነበረው ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ገብተው ማየት ይችላሉ። ካርታ ላይ ሲፈልጉት ግን ዮአኪምስታል ብለው አይፈልጉ። ቼኮች ያኺሞቭ ነው የሚሉት፤ «የኢያቄም» ማለት ነው። ሳንቲሙ ኢያቄምን ጥሎ ሸለቆውን ይዞ ሄደ፤ ከተማዋ ሸለቆውን ትታ ኢያቄምን ይዛ ቀረች።